ስለ እንቅርትና ስላልተወለደው ልጅ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፣ በመከራ ላይ መከራ ሲጨመር። ተረቱ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ እንቅርት ለደጋው ሰው እንግዳ ደዌ አይደለም። አባቶቻችን ሲተርቱበት፣ እናቶቻችን በንቅሳት ሲያስጌጡት፣ ልጆችም በጨዋታቸው ሲሣለቁበት ኖረናል። ከልማድ ብዛት የተነሣም፣ አንገቱ ያበጠበትን ሰው ስናይ «መልኩን አበላሸበት» እንላለን እንጂ፣ ይህ ደዌ ከመልክ አልፎ ምን እንደሚነካ አንጠይቅም። በዚህ ወር ጥቂት ቃል ልንናገር የወደድነው ስለዚሁ ነው።

ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። እንቅርት በአንገት ላይ የሚታይ ምልክት እንጂ የጉዳቱ ዋና ክፍል አይደለም። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ዓይን በማያየው ስፍራ፣ በማኅፀን ባለው ልጅ አንጎል ላይ ነው። ስለዚህ አንገት ካበጠ በኋላ ወደ ሐኪም መሄድ ተገቢ ቢሆንም፣ ጥንቃቄው መጀመር የሚገባው ሙሽራይቱ ጎጆ በወጣችበት ቀን፣ ከጨው ዕቃዋ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በአንገታችን ፊት፣ ከማንቍርት በታች፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ትንሽ ዕጢ አለ፤ ስሙም ታይሮይድ ይባላል። ሥራው ሆርሞን አዘጋጅቶ ወደ ደም መላክ ነው። ሆርሞን ማለት በደም ውስጥ እየተጓዘ ለልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሰውነት ሙቀቱን እንዲጠብቅ፣ አጥንት እንዲያድግ፣ ከሁሉም ይልቅ የሕፃን አንጎል በየጊዜው እንዲገነባ ያዛል። ዕጢውም ይህን ለመሥራት አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይሻል። ለአንድ ጐልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ 250 ማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም ማለትም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ሰው በዕድሜው ሁሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢሰበሰብ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

አዮዲን የጐደለ እንደሆነ ዕጢው ለምን ያብጣል? አንድ ሸማኔ እናስብ። ባለገንዘቡ «ሸማ አምጣ» ብሎ አጥብቆ ያዘዋል፤ ነገር ግን ማግ አልሰጠውም። ሸማኔው ትእዛዙን ለመፈጸም ሲል በዕቃ ላይ ዕቃ፣ በሠራተኛ ላይ ሠራተኛ ይጨምራል፤ ቤቱ ይሰፋል፣ ሸማው ግን አይወጣም። በአንጎል ሥር ያለ ሌላ ዕጢ ታይሮይድን እንዲሁ «ሥራ፣ ሥራ» እያለ ያዘዋል፤ ታይሮይድም ማጉ የሆነው አዮዲን ቢጐድለው በከንቱ ይሰፋል። ያ በከንቱ የሰፋ ቤት እንቅርት የምንለው ነው።

ይህን ሁሉ ለሊቃውንት አጥርተው ያስተማሯቸው በብዙ መንገድ እንስሳት ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1912 ዓ.ም. ጉደርናች የተባለ ሊቅ፣ ገና እግር ላላወጡና በጅራታቸው ለሚዋኙ የእንቁራሪት ልጆች የታይሮይድ ዕጢ ቢመግባቸው፣ ሳያድጉ በጥቂት ቀን ውስጥ ጅራታቸውን ጥለው እጅግ ትናንሽ እንቁራሪቶች ሆኑ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ መርማሪዎች ዕጢውን ከእነዚሁ ፍጥረታት ቢያወጡባቸው፣ እነዚያ ደግሞ ሰውነታቸው እየገዘፈ ሲሄድ ከጅራታቸውና ከውሃቸው ሳይወጡ ቀሩ። ከዚህ የምንማረው፣ ሆርሞኑ ግዝፈትን ብቻ ሳይሆን ከአንዱ የዕድሜ ደረጃ ወደ ሌላው መሻገርን የሚያዝ መሆኑን ነው።

በአሜሪካ በሞንታና ክፍለ ሀገር ደግሞ እናት ዓሣማዎች ጠጉር የሌላቸውን፣ አንገታቸው ያበጠ፣ ሲወለዱ የሚሞቱ ግልገሎች ይወልዱ ነበር። በ1917 ዓ.ም. እንደተገለጸው፣ ለእናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ቢሰጣት ግልገሎቹ ጤነኞች ሆነው ተወለዱ። አንባቢ ሆይ፣ አስተውል፤ የተበላሸው በግልገሉ ላይ ነው፣ የተቃናው ግን በእናቲቱ መኖ ነው። በአውስትራሊያም አዮዲን በጐደለው መኖ የኖሩ በጎች የወለዷቸው ጠቦቶች ዕጢያቸው ያበጠ፣ ጠጉራቸው የሳሳ፣ ሲመዘንም አንጎላቸው ከደንበኛው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

በአይጥ ላይ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት አለው። የታይሮይድን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይጦች ሲሰጥ፣ ልጆቻቸው ዓይናቸውን የሚገልጡት ዘግይተው ነው፤ መስማታቸው ይደክማል፤ በአንጎላቸው ያሉት ነርቮችም ቅርንጫፋቸው ያንሳል። የጐደለው ሆርሞን በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመለስላቸው ብዙው ጉዳት ይቃናል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ቢመለስላቸው ግን አካላቸው ያድጋል እንጂ ያመለጠው የአንጎል ሥራ አይመለስም። ትርፉም እንደ ጉድለቱ ይጐዳል፤ በተወለዱ በጥቂት ቀናቸው ከመጠን ያለፈ ሆርሞን የተሰጣቸው አይጦች፣ ታይሮይዳቸውና ዕጢውን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ለዕድሜያቸው ሁሉ ሥርዓታቸው ተዛብቶ ኖሯል። እንግዲህ በዚህ ነገር የመጠንን ያህል፣ እንዲያውም ከመጠን ይልቅ፣ ጊዜ ይፈርዳል።

ሰውም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ፅንሱ የራሱን ሆርሞን መሥራት የሚጀምረው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሲሆነው ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚኖረው ከእናቱ በሚቀበለው ብቻ ነው፤ ከዚያም በኋላ የሚያስፈልገው አዮዲን ሁሉ ከእርሷ ይመጣለታል። አንዲት ሴት መፅነሷን በምታውቅበትና ወደ ጤና ጣቢያ በምትመጣበት ጊዜ፣ ከዚህ ወራት ብዙው አልፏል። በእርግዝና ጊዜ ብርቱ የአዮዲን ጉድለት ቢኖር ልጁ ሊጨነግፍ፣ ሞቶ ሊወለድ፣ ወይም በሕይወት ቢወለድ መስማትና መናገር የማይችል፣ አካሉ የቀጨጨ፣ አካሄዱ የተሳሰረ፣ አእምሮውም የደከመ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ ቀላል ሲሆን ደግሞ ልጁ ጤነኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ሊደርስበት ይችል ከነበረው የማስተዋል ደረጃ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቀራል። ይህን ማንም አያይለትም፤ ምናልባት የሚያየው መምህሩ ነው፣ እርሱም ስንፍና ይመስለዋል።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የጠነከረው ምስክር ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች የመጣ ነው። እዚያ ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዱ ቤተ ሰብ አዮዲን ያለበት ዘይት በመርፌ ሲሰጥ፣ ለሌላው አዮዲን የሌለበት መርፌ ይሰጥ ነበር። ውጤቱ በ1971 ዓ.ም. ሲታተም፣ አዮዲን ካላገኙት እናቶች ከተወለዱት 534 ልጆች 26ቱ በዚህ ደዌ ተጐድተው ተገኙ። አዮዲን ካገኙት ከተወለዱት 498 ግን የተጐዱት 7 ብቻ ነበሩ፤ ከነዚያም ከሰባቱ የስድስቱ እናቶች መርፌውን የተቀበሉት ከፀነሱ በኋላ ነበር። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ፍርድ ከየት ይገኛል?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ዲማ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው ደጋ ላይ ያለች የታወቀች የቅኔ አገር ናት። ስንት ተማሪ አኩፋዳውን ተሸክሞ አእምሮውን ሊያስል ወደ ዲማ ጊዮርጊስ እንደ መጣ ታሪክ ያውቀዋል። ነገር ግን ደጋው ዝናም የበዛበት፣ አቀበትና ቁልቁለት የሆነ ነው፤ ጐርፉ በየክረምቱ አፈሩን እያጠበ ወደ ዓባይ ይወስደዋል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው አዮዲንም አብሮ ይሄዳል። በእንዲህ ያለው አፈር ላይ የበቀለ ጤፍና ገብስ ለዓይን ምንም ጉድለት የለበትም፤ አዮዲን ግን በበቂ አይገኝበትም። ከዚያ ሣር የሚግጡ ላምና በግም እንደዚያው ናቸው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት እንናዘዝ። በውጭ አገር ተምረን በተመለስንበት ጊዜ፣ ስለ አዮዲን ያወቅነውን ሁሉ ይዘን አንገት በመዳሰስ ተጠመድን። በየትምህርት ቤቱ ልጆችን አሰልፈን ዕጢያቸውን እየዳሰስን፣ ያበጠበትን መዘገብን፣ ያላበጠበትን «ደኅና ነህ» ብለን ሰደድን። ከዕለታት አንድ ቀን በዲማ በገበያ ቀን ስለ ጨው ስናስተምር፣ አንገቷ ያበጠ አንዲት እናት ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጇን እጁን ይዛ ቀረበች። ልጁ አይሰማም፣ አይናገርም፤ ቁመቱም የአምስት ዓመት ልጅ ያህል ነው። አንገቱን ብንዳስሰው እብጠት አልነበረበትም። እናቲቱም «ጌታዬ፣ ይኸ የምትሉት ጨው ልጄን ያናግርልኛል?» ብላ ጠየቀችን።

ምን እንበላት? ውሸት መናገር አልተቻለንም። «እናቴ፣ ይህን ልጅ አያናግርልሽም፤ ጊዜው አልፏል» አልናት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያም ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አብራት የመጣችውን፣ ባለፈው ዓመት የተዳረችውን ልጇን በእጇ እየሳበች «እንግዲያው ለዚህች ንገሩልኝ» አለች። እኛ ብዙ መጽሐፍ አንብበን በአንገት ላይ ስንቆም፣ ያች ሴት በአንድ ጥያቄ የነገሩን መጀመሪያ አገኘችው። የቅኔ መምህራን እንደሚሉት፣ እኛ ሰሙን ስንዳስስ ወርቁ አምልጦን ነበር።

ወደ ጨው ነገር እንግባ። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው የገበታ ጨው ይመጣ የነበረው ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከአሰብና ከምፅዋ ነበር። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ በስፍራውም የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ገበያውን ያዘ፤ ያም ጨው ያን ጊዜ አዮዲን አልተጨመረበትም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከተመረመሩት ልጆች ከመቶው ወደ 40 የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። ከዚህ የተነሣ ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ፣ ቍጥሩ 204/2003 የሆነ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ወጣ። በሕዝብና ጤና ጥናት በ2003 ዓ.ም. አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶው 15 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን 89 ደረሱ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ያ ቍጥር በጨው ውስጥ አዮዲን መገኘቱን ይመሰክራል እንጂ መጠኑ መብቃቱን አይመሰክርም። ደንብ ጨውን እስከ ገበያ ያደርሰዋል፤ ከገበያ እስከ ወጡ ያለው መንገድ ግን የኛ ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ይባክናል። ነጋዴው ከረጢቱን ከፍቶ በፀሐይና በዝናም ያቆየዋል፤ አዮዲንም ለብርሃን፣ ለእርጥበትና ለሙቀት ሲጋለጥ እያደር ይጠፋል። ባለቤቲቱ ጨውን አጥባ ታሰጣዋለች፤ ወይም ከምድጃው አጠገብ ክዳን በሌለው ዕቃ ታኖረዋለች፤ ወይም ከሽንኵርቱ ጋር ጨምራ ረዥም ጊዜ ታፈላዋለች። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል፤ አዮዲኑ የጠፋበት ጨው ግን ጣዕሙ ሳይለወጥ ይቀራልና ማንም ድንጋይ ነህ ብሎ አይጥለውም። አደጋውም ይኸው ነው።

አሞሌውን በተመለከተ የሚከራከሩን ሽማግሌዎች አሉ፤ «አባቶቻችን በአሞሌ ኖረው ሊቃውንት ሆነዋል» ይሉናል። እኛም ክብራቸውን ጠብቀን እንመልሳለን፤ የተነሡትን ሊቃውንት ሁላችን እናውቃቸዋለን፤ ሞተው የተወለዱትን፣ ከምድጃው ጥግ ሳይሰሙና ሳይናገሩ የኖሩትን ግን ማን ቈጠራቸው? አሞሌ በታሪክ ገንዘብ ሆኖ አገልግሎናል፤ ነገር ግን አዮዲን አልተጨመረበትም። ለነፍሰ ጡር ሚስቱም፣ ለእርጉዝ በጉም አዮዲን ያለበትን ጨው የሚሰጥ ሰው ልጁንም ጠቦቱንም ያድናል። በበጎቹ መካከል አንገቱ ያበጠ ወይም ጠጉሩ የሳሳ ጠቦት የተወለደለት ገበሬ ቢኖር፣ መጨንገፍም ቢደጋገምበት፣ ሌላም ደዌ ያንኑ ሊያመጣ ይችላልና ለእንስሳት ሐኪም ያሳይ።

ስለ ጎመንም አንድ ቃል እንጨምር። በ1928 ዓ.ም. በአሜሪካ ለምርመራ የሚጠበቁ ጥንቸሎች ጥቅል ጎመን ብቻ ሲመገቡ ቆይተው እንቅርት አወጡ። በጎመን ወገኖች ውስጥ አዮዲን ወደ ዕጢው እንዳይገባ የሚያግድ ነገር አለና፤ የትምባሆ ጢስም ይህንኑ ያደርጋል። ይህን ሰምቶ ጎመንን የሚፈራ አይኑር፤ ጎመን ተቀቅሎ፣ ከሌላ ምግብ ጋር፣ አዮዲን ባለው ጨው ሲበላ ደግ ምግብ ነው፤ «ጎመን በጤና» ያለው ሰው አልተሳሳተም። ብቻ ለላምና ለበግ የጎመን ዘር ፋጉሎ ለብቻው አብዝቶ መስጠት አይበጅም።

ደግሞ ከመጠን አትለፉ። «ጨው አብዙ» አላልንም፤ «ጨዉን ለውጡ» ነው ያልነው። ጨው ሲበዛ የደም ግፊት ያመጣልና፣ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃዋል። ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን ማንም አይጠጣ፤ መርዝ ነው። የቆየ እንቅርት ያለበት ሰው ልቡ ቢመታ፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ እየበላ ቢከሳ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። እንቅርትን መብጣትና መንቀስም ሆርሞኑን አይመልስም፤ መርፌው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ግን ሌላ ደዌ ያሻግራል፤ ያን ጊዜ ተረቱ በእውነት ይፈጸማል። የተወለደ ሕፃን ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነቱ ከላላ፣ ጡት መጥባት ከደከመው፣ ሆዱም ከደረቀ፣ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያለቅስም» ብላችሁ አትደሰቱ፤ ለሐኪም አሳዩት። የጐደለው ሆርሞን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተተካለት አእምሮው ይድናል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ለእናንተ ሁለት ልመና አለን። የመጀመሪያው፣ ትምህርት የማይገባውን ልጅ «ደንቆሮ» ከማለታችሁና አለንጋ ከማንሣታችሁ በፊት መስማቱን መርምሩ፤ ከኋላው ሆናችሁ በቀስታ ስሙን ጥሩት፤ ካልሰማ ከፊት ወንበር አስቀምጡት፣ ወላጆቹም ወደ ሐኪም እንዲወስዱት ምከሩ። እርሱ ያጠፋው አንዳች ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ይህን ትምህርት ለሴት ልጆችም ለወንዶችም ሳያገቡ፣ ገና በክፍላችሁ ሳሉ አስተምሩ። በአሜሪካ በአክሮን ከተማ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎች ልጃገረዶች አዮዲን በተሰጠ ጊዜ፣ ከተቀበሉት 2190 ዕጢያቸው ያደገባቸው 5 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልተቀበሉት 2305 ግን 495 ነበሩ። ያ ሥራ የተሠራው በሆስፒታል አይደለም፤ በትምህርት ቤት ነው።

እናንተም የከተማው ሰዎች፣ ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበት መሆኑን በማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት። በደረቅ ስፍራ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ባለሱቅ የሆናችሁ ከረጢቱን ከፀሐይና ከዝናም ሰውሩት። ልጅ የምትድሩ ወላጆች ደግሞ፣ ከምትሰጡት ጥሎሽና ስጦታ ጋር ክዳን ያለው የጨው ዕቃ ጨምሩ፤ ምን እንደሚገባበትም ንገሯት።

የዚያች የዲማ እናት ልጅ ባሏ ቤት ገብታለች። አዮዲን ያለው ጨው ዋጋው ጥቂት ነው፤ ሥራውም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከጊዜው ካለፈ በምንም ገንዘብ አይገዛም። አንገት እስኪያብጥ አንጠብቅ።